ዶክተር ኢያቄም ገሠሠና የሰፋው መስመር

በሐዘናችን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የነፋስ ስልክ እድርተኞችና የዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ሆይ፣ ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ ዶክተር ኢያቄም ገሠሠ የማነበውን ሳዘጋጅ እጄ ከብዶኝ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ቀን ሟችን ማሳመር ልማዳችን ሲሆን፣ እሳቸው ግን ያልተለካ ነገር ሲነገር ይጎረብጣቸው ነበርና።

ዶክተር ኢያቄም ከአባታቸው ከአቶ ገሠሠ አስረስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግስት ከበበው በጥቅምት 1937 ዓ.ም. በቡልጋ ተወለዱ። አባታችን ነፋስ ስልክ የፋብሪካ ሥራ ሲያገኙ ቤተሰቡ ተከትሎ መጣ፤ እሳቸውም እዚሁ ፊደል ቆጥረው፣ በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ በውጭ አገር ዶክትሬታቸውን አግኝተው ሲመለሱ በማስተማር ሥራ ተሰማሩ። በ1969 ዓ.ም. ወይዘሮ ፅጌረዳን አግብተው ሜሪንና ውዳሴን ወለዱ።

ሥራቸውን ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር። የሌዘር ጨረር በመዳብ ቁራጭ ላይ ሲያርፍ፣ ፕላዝማ የሚሉት፣ ከዓይን ጥቅሻ ቀድሞ የሚጠፋ እጅግ የጋለ ብልጭታ ይፈጠራል። ውስጡ የሚገባ መለኪያ የለም። ስለዚህ ብርሃኑን በየቀለሙ ዘርዝረው፣ እያንዳንዱ የቀለም መስመር ምን ያህል እንደሰፋ በመለካት፣ ኤሌክትሮኖች በውስጡ ምን ያህል እንደታጨቁ ይደርሱበት ነበር፤ በተጨናነቁ ቁጥር መስመሩ ይሰፋልና። በዚህ ያገኙት ውጤት በ1986 ዓ.ም. በውጭ መጽሔት ታትሞ፣ የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሊሰጣቸው ጉባኤ ተቀጥሮ ሳለ፣ ከብልጭታው ጀርባ መስተዋት አኑረው፣ ብርሃኑን መልሰው በውስጡ በማሳለፍ ልኬታቸውን ፈተሹት። ብርሃኑ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ሲገባው የመስመሩ መሐል ምንም አልጨመረም፤ ለካስ ዳር ያለው ቀዝቀዝ ያለ ጋዝ ከመሐል የሚመጣውን ብርሃን እየዋጠ መስመሩን ከእውነቱ በላይ አስፍቶ ሲያሳያቸው ኖሯል። የታተመው ቁጥር ስሕተት ነበር።

ጽሑፋቸውን ከመጽሔቱ እንደሚያነሱ በተናገሩ ጊዜ ቤቱ ተጨነቀ። ወይዘሮ ፅጌረዳ፣ እሳቸውም አይክዱትም፣ ማን ያውቅብሃል ብለው ተቆጡ፤ ወንድሜም «እኔ አውቄዋለሁ እኮ» አሉ። ጽሑፉ ተነሣ፤ ማዕረጉም ቀረ። ከዚያ በኋላ ከእሳቸው ኋላ የመጡት ሲያልፏቸው እያዩ ልኬቱን ከሀ ጀመሩ። አላማረሩም ብል ማሳመር ይሆንብኛል፤ አማርረዋል፣ ከፍቷቸውም ያውቃል።

ባለፈው ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲተኙ፣ ተማሪያቸው ሴና ደገፋ ብርሃኑ በማይዋጥበት በሌላ መስመር ልኬቱን ጨርሳ ውጤቱን አልጋቸው ድረስ አመጣችላቸው፤ የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ከቀድሞው በግማሽ አንሶ ተገኘ። በመስተዋት ተፈትሾ እንደሆነ ጠየቋት፤ መፈተሹን ነገረቻቸው። ያን ዕለት እንደዚያ ሲደሰቱ ካየኋቸው ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር። አዲሱ ጽሑፍ ታትሞ ማዕረጉ እንደገና ለጉባኤ ቢቀርብም፣ ጉባኤው ሳይቀመጥ የካቲት 9 ቀን 1991 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውን እኔን ሚሳኤልንና ያስተማሯቸውን ብዙዎች ትተው ሄደዋል። ስማቸው ሲጠራ ተባባሪ ፕሮፌሰር እንድል የመከራችሁኝ አላችሁ፤ እኔም ጽፌው ነበር። ትናንት ረቂቁን ሳሰማቸው ግን ወይዘሮ ፅጌረዳ እንባቸውን እየጠረጉ «ጉባኤው ገና አልወሰነም፤ አውጣው» አሉኝ። ስለዚህ አምላክ የመምህሩን የዶክተር ኢያቄም ገሠሠን ነፍስ በማይጠፋው ብርሃኑ ያሳርፍልን።