ያልተጀመረው ስብሰባ

ጀሞ ጫፍ ላይ ላለ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኜ እንደተሾምኩ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ካሉት የገበሬ ቤቶች የሚመጡ ትንንሽ ልጆች መቅረት አበዙ፤ ሊሰናበቱ ትንሽ ነው የቀራቸው። ወላጆቻቸውን ቅዳሜ አራት ሰዓት ጠራኋቸው፤ አንድም ሰው አልቀረም። ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ወላጅ ቸልተኝነት አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። «ጥያቄ አለ?» ብልም እጅ ያወጣ የለም። ጸሐፊያችን «ሁሉም ተስማምተዋል» ብላ ጻፈች። አመስግኜ ወረቀቴን ስሰበስብ፣ ፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ኦቦ ቶለሳ፣ «ልጄ፣ ስብሰባው መቼ ነው የሚጀመረው?» አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልቀለዱም። «እኛ ሳይመረቅ ነገር አንጀምርም። አንተ ስታወራ እንግዳ ነው ብለን ጠበቅንህ» አሉ። «እንግዲያው ይመርቁ» አልኩ። ተነስተው በኦሮምኛ መረቁ፤ ሰዉ ሁሉ በአሜን ፋንታ «ሃ ታኡ» እያለ ተቀበለ፤ እኔም ትንሽ ዘግይቼ አልኩ። ገና ከመቀመጣቸው አንዲት እናት እጇን አወጣች። «የኋላውን በር ማን ዘጋው? ልጆቹ በአስፋልቱ ዞረው ነው የሚመጡት። የእኔን ልጅ መኪና ሊገጭብኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልላክሁትም» አለች።

ያስዘጋሁት እኔ ነኝ፣ አርፋጅ እንዳይሾልክ ብዬ። ይህንኑ ነገርኳቸው። ማንም አልተቆጣኝም፤ ጥበቃው ቁልፉን እስኪያመጣ ብቻ ጠበቁ። በሩን ከፈትንና በዚያው ወጡ። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ይዛ መጣችና፣ «የተጀመረበትን ሰዓት ስንት ልበል?» አለችኝ።

«አምስት ሰዓት በይ» አልኳት።