እናቴና የኮሶዬ አበባ

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ከቤት አትወጣም፤ አትስቅም፤ ስሙንም አታነሳም። አበባ ብታይ ልቧ ይፍታታ ይሆናል ብዬ መስከረም ላይ ባለማኪና ጓደኛዬን ለምኜ ከጎንደር ወደ ኮሶዬ ይዣት ወጣሁ። ደግነቱ ዳገቱ ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ጠበቀን። መንገድ ዳር ቆምንና «እማዬ፣ እዪው እስቲ!» አልኳት። ስልኬን ደግኜ ፈገግታዋን ስጠብቅ፣ እሷ ግንባሯን ቋጥራ ማሳ ውስጥ ያጎነበሱ ሽማግሌ ጠራች።

«አያ! ምነው ባቄላው እንዲህ በአረም ሲዋጥ ዝም አላችሁ?»

«ምን ላድርግ እታለም፣ ልጆቹ ከተማ ገቡ፤ እጅ አጣሁ» አሏት።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ማሳው ውስጥ ገባች። «እማዬ፣ የምትነቅይው እኮ አበባውን ነው!» ብዬ ብጮህ፣ «ለባቄላው አረም ነው! ቆመህ ከምታየኝ ና አግዘኝ» አለችኝ። ምን ይደረግ? ላሳያት የመጣሁትን አበባ ከጎኗ ሆኜ ስነቅል ዋልኩ። ጓደኛዬም ሳይወድ ገባ።

ስንመለስ ማኪናው ውስጥ ድንገት ሳቀች። «አባትህም አረም ላይ እንዳንተው ሰነፍ ነበር» አለችኝ፤ ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሰፈር ስንደርስ ጎረቤታችን በር ላይ ጠበቀቻትና «አበባው እንዴት ነበር?» አለቻት።

«ሸጋ ነበር» አለች እናቴ፤ «ነቅለን ጨረስነው።»