እንቁላሉን ያስቀረችው አስተርጓሚ

የኩባ ሐኪሞች ጅማ በነበሩበት ዘመን ነው። ከሸቤ ወደ ጅማ በተሳፈርኩበት ላንድሮቨር ውስጥ፣ ኩባ ተምራ የመጣች ልጅ አጠገቧ ለተቀመጡት ሐጂ ታወራለች።

«የአስተርጓሚነቱን ሥራ አገኘሁት፣ ሐጂ!»

«ማሻአላህ! ፈተናው ምን ነበር?»

«ኩባዊው ሐኪም በስፓኒሽ ያወራል፤ እኛ ተፈታኞቹ በየተራ ገብተን ለህንዱ ሐኪም በእንግሊዝኛ እንነግረዋለን። ኩባዊው ለምን እንደዘገየ ሲጠየቅ ‹ሾፌሩ እንቁላል እየረገጠ አመጣኝ› አለ።»

«የምን እንቁላል?»

«ህንዱም እንደዚሁ ነው ያለው! ከእኔ በፊት የገቡት ሁለቱ እንቁላሉን እንዳለ ነገሩት።»

«አንቺስ?»

«ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ቀርፋፋ ሾፌርን እንደዚያ ነው የሚሉት። እኔ በእንግሊዝኛ ‹እየዳኸ አመጣኝ› አልኩት። ህንዱ ሳልጨርስ ሳቀ፤ ኩባዊው ብድግ ብሎ ጨበጠኝ!»

«ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ! በይ ለኛም ሾፌር ንገሪልን፤ የዙህር ሶላት ሊያመልጠኝ ነው።»

ልጅቷ በስፓኒሽ ጮኸች።

«እንቁላሉን ተወውና ንዳው ነው የምትልህ!» ብለው ሐጂ ተረጎሙ።

«ንዳው!» አለ ተሳፋሪው ሁሉ፤ ሾፌሩም ነዳው።

እኔ ለጅማ ገበያ የያዝኩትን የእንቁላል ቅርጫት በሁለት እጄ እቅፍ አደረግኩት።