ጣሊያን ይሻላል ጀርመን?

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዛሬ ከፈረስ መጋላ በተሳፈርኩበት ታክሲ የሰማሁት ወሬ ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። አንዲት የጀጎል እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን፣ አውሮፓ ኖሮ የመጣ ባለ ኮት ሰውዬ ያዋራሉ።

«ልጄ መካኒክ ነው። መኪና ከሚያሠሩት ፈረንጆች ጣሊያኑም እኔ ልውሰድህ ይለዋል፣ ጀርመኑም። የቱ ይሻለዋል?»

«ለኑሮ ጀርመን ነው፣ እናቴ። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ሕክምናውም።»

«ጣሊያንስ?»

«ደሃ ይበዛበታል። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ጀርመን ሄደው ነው የሚሠሩት።»

«ሰዉስ እንዴት ነው?»

«ጣሊያን እንደኛ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያወራል። ጀርመን በሩን ዘግቶ ነው የሚኖር። እኔ እንኳ እዚያ ያን ያህል ዓመት ስኖር የጎረቤቴን ስም ሳላውቅ መጣሁ።»

«ያ ረቢ! አፎቻ የላቸውም?»

«አፎቻ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሰው ሲሞትብን የምንሰበሰብበት ነዋ፤ እናንተ እድር የምትሉት።»

ሳቀ። «ሊሠራ ነው እንጂ ሊሞት ይሄዳል እንዴ?»

«ወላሂ፣ ትኩሳት ጥሎት ቢያድር በሩን ማን ያንኳኳለታል?»

ሰውዬው ሳቁን ተወ። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ፣ እዚያ አገር ሰው አለሽ?»

«ወንድሜ ጀርመን ነው» አልኳቸው።

ፊቴን ወደ መስኮቱ ባዞርም እጄን ያዝ አድርገው፣ «ጎረቤቱ ማን ይባላል?» አሉኝ።