የተቀቀለው የሙሽራ ሰዓት

«ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ፣ ቢልቂስ? ያ ቅባት ጠቀመሽ ወይስ ሽታው ብቻ ነው የተረፈሽ? … እኔንስ ሙቀቱ ጨረሰኝ እቴ። ከሹጃባድ አንድ ሣጥን ማንጎ መጥቶልኝ ግማሹ ሳይበላ ፈሰሰ። የቀረውን ነገ እልክልሻለሁ፤ ለልጅ ልጆችሽ ጨምቂላቸው።»

ወይዘሮ ታቢንዳ ይህን ያሉት እየጮሁ ነው። ወይዘሮ ቢልቂስ ጆሯቸው ስለደከመ እሳቸውን የሚያነጋግር ሁሉ ይጮሃል፤ ሙልታን ከተማ ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው ይህን ለምዶታል። ሁለቱ አሮጊቶች የተቀመጡት በጥርስ ክሊኒክ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ወይዘሮ ታቢንዳ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሊያስተካክሉ፣ ወይዘሮ ቢልቂስ ደግሞ እሳቸውን ሊያጅቡ። ወረፋ የሚጠብቁ ሦስት አራት ሰዎችም አሉ። ከማረፊያው ወዲያ ያለውን የሕክምና ክፍል የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ወጣቱ ሐኪም አንድ በሽተኛ አስተኝቶ ጥርስ ይሰረስራል። ሐኪሙ የወይዘሮ ታቢንዳን የወንድም ልጅ ያገባ ነው።

ናዚራ ጥግ ላይ የመድኃኒት ቁምሣጥኑን ቁልፍ ጨብጣ ተቀምጣለች። የሐኪሙ ረዳት ነበረች፤ ዛሬ የመጨረሻ ቀኗ ነው። በሽተኛውን ሲጨርስ ቁልፉን አስረክባው ትሄዳለች። ያባረራት በአንድ የእጅ ሰዓት ምክንያት ነው። በሠርጉ ቀን የሚስቱ አባት፣ የወይዘሮ ታቢንዳ ወንድም፣ ያጠለቁለት ውድ ሰዓት ተበላሸና «ጥረጊው ብዬ ብሰጣት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ገደለችው» ብሎ ለሽማግሌው ነገራቸው። ናዚራ ሰዓቱን በእጇ ነክታው አታውቅም። ያን ቀን ለምሳ ናን ቂጣ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ክሊኒኩ የተቃጠለ ቆዳ ይሸት ነበር፤ ሐኪሙም የሕክምና መሣሪያዎቹ በእንፋሎት ከሚቀቀሉበት ማሽን አጠገብ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል። ይህን ለማን ትናገር? ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሌሎቹ ክሊኒኮች ዘንድ ደርሷል። ከሥራው በላይ ያንገበገባት ይህ ነው፤ የሰው ንብረት የምታበላሽ የተባለች ልጅ ማንም ደጁን አይከፍትላትም።

ወይዘሮ ታቢንዳን በሩቁ ታውቃቸዋለች። ቤተ ዘመዱ ሁሉ ምላሳቸውን ይፈራል። እጅ መንሻ ይዘው ይመጣሉ፣ ጤና ይጠይቃሉ፣ ይመርቃሉ፤ ሰውየው መወጋቱ የሚገባው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ዛሬ የመጡት እሷን ሊያዩና ሊንቁ መስሏት አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን ዞር ብለውም አላዩዋትም።

በዚህ መሀል መብራት ጠፋ። መሰርሰሪያው ጸጥ አለ፣ ማራገቢያውም ዞሮ ዞሮ ቆመ። የወይዘሮ ታቢንዳ ድምፅ ግን መብራት አያስፈልገውም።

«እና ምን እያልኩሽ ነበር … አዎ፣ ስለ ሰዓት። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲሸጥ ስለኖረ ሰዓት አያያዝ የሚያውቅ ይመስለው ነበር። የዋህ ሰው ነበር እኮ። ምን ይል ነበር መሰለሽ? ‹ሥራው ደምና ምራቅ የሚያስነካ ሰው ሰዓቱን ጓንት ከማጥለቁ በፊት ያውልቅ፤ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጥ፤ እጁን እስከ ክንዱ ይታጠብ።› ያውልቅ! … አየሽ የድሮ ሰው ነገር? መሳቢያ ውስጥ ከከተትሽው ማን ያይልሻል? በሽተኛውስ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ምን ይመልከት፣ ጣሪያ?»

ወይዘሮ ቢልቂስ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰሙ ይሁኑ ያልሰሙ አይታወቅም።

«አንድ የማውቀው ልጅ አለ … ስሙ ምን ያደርግልሻል። የተማረ፣ ቁመናው ያማረ፣ ማሻአላህ። ሲያገባ የሚስቱ አባት ሰዓት አጠለቁለት። መቼም ለሙሽራ ሰዓት ያልሰጠ አማት እዚህ አገር በምን ፊቱ ይወጣል? ያውም እንዲህ እንደዋዛ ሰዓት እንዳይመስልሽ። ዙሪያው ወርቅ፣ ማሰሪያው የአዞ ቆዳ። እኔው ነኝ የመረጥኩት … ለሰውየው ማለቴ ነው፣ አደራ ብለውኝ። ልጁ ታዲያ ምስጋናውን በምን ይግለጽ? አያወልቀውማ! ሲበላ አያወልቅ፣ ሲሠራ አያወልቅ። ጓንቱን ከሰዓቱ በታች ሸብሸብ ያደርገዋል እንጂ ሰዓቱን አይሸፍነውም። ለምን ይሸፍን? አማቱ ዓርብ ዓርብ ብቅ ሲሉ ከፊቱ ቀድመው የሚያዩት ክንዱን ነው። ሰው አክባሪ ልጅ እኮ ነው። ደግሞ አድልዎ አያውቅም … ደሃ ሀብታም አይልም። ከአንዱ ድድ ወደ ሌላው ድድ፣ ያንኑ ሰዓት እንዳጠለቀ! ያንዱን ለሌላው ያካፍላል። ዛሬ እንዲህ የሚያካፍል ሰው የት አለ?»

ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ፣ ወፈር ያለው ጨርቅ ነጋዴ፣ ሳያስበው አፉን በመዳፉ ከደነ። ናዚራ በመጋረጃው ሥር የሐኪሙን ጫማዎች አየች። ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ የገባት ያኔ ነው፤ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ሳይሆን ፍርሃት ነበር። የሚወራው ሁሉ ዞሮ እሷው ላይ የሚወድቅ መሰላት።

«አንድ ቀን ታዲያ አንዲት የዳኛ ሚስት ልትታከም መጥታ ማሰሪያው ሥር የደረቀ ደም አየች። ‹ይሄ የማን ነው?› ብላ ጠየቀችው። እንዴት ያለች ባለጌ ናት! የማን እንደሆነ እሱ በምን ይወቅ? … ልጁ ግን ጨዋ ነው፣ ዛሬውኑ አጸዳዋለሁ አላት። እንግዲህ ተራ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ማሰሪያውን ፈትቶ ለብቻው ያደርጋል። ቆዳ ውሃም አልኮልም አይወድም፤ ደም ከጠጣማ ጥሎ ሌላ መግዛት ነው። ብረቱን ደግሞ ማዞሪያዋ ግጥም ማለቷን አይቶ በለስላሳ ጨርቅ ላይ አልኮል ጠብ ያደርግና ያብሰዋል … ያብሰዋል አልኩሽ እንጂ አያጠጣውም። ሥርጉዱ ውስጥ የገባውን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሸት አሸት ነው። የጥርስ ብሩሽ ደግሞ … ምስኪን ከየት ያምጣ? ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ ማሳደር ነው። አለቀ። ባለቤቴ ሱቁ ለገባ ሁሉ ይህንኑ በነፃ ሲያስተምር ኖሮ ነው የሞተው።»

ወይዘሮ ታቢንዳ ሻርፓቸውን አውልቀው አንገታቸውን አራገቡ። ማንም ጋዜጣ አላነበበም፣ ማንም ስልኩን አልነካካም። ሙቀቱን እንኳ የረሱት ይመስላል።

«እኔ ያልኩሽ ልጅ ግን የተማረ ነው። የተማረ ሰው እንደ ቤት ሠራተኛ በጨርቅ ይወለውላል? ጀርምስ በጨርቅ ይሞታል? ምን አደረገ መሰለሽ … መንቀያውና መቆንጠጫው የሚቀቀልበት ማሽን ውስጥ ከተተው። ከነማሰሪያው! በሩን ዘጋ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ደረቱ ላይ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ወላሂ እልሻለሁ ቢልቂስ፣ እንደዚያ ንጹሕ የሆነ ሰዓት ሙልታን አይታ አታውቅም። እንኳን ጀርሙ ሰዓቱም አልተረፈ። መስታወቱ ከውስጥ በላብ ተሸፍኗል፣ ውሃ የምትከለክለው ላስቲክ ቀልጣለች፣ ማሰሪያው ተኮማትሮ ለአሻንጉሊት ክንድ ብቻ ነው የሚሆነው። ሊጠገን የተሰጠው ሰዓት ሠሪ የባለቤቴ የድሮ ሸሪክ አይደል፣ አምጥቶ አሳየኝ። ‹ባጂ፣ እህቴ፣ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰዓት እንዲህ አይሆንም። ይህ ተቀቅሏል› አለኝ። እኔ ምን አውቄ … አመስግኜ ሻይ አጠጣሁት።»

ናዚራ እንባዋ መጣ። እውነቱን በዓለም ላይ የሚያውቁት እሷና ሐኪሙ ብቻ ይመስሏት ነበር፤ እሱ ካደ፣ እሷን ደግሞ የሚሰማት የለም። አሁን ሦስተኛ ሰው አለ። አራተኛም አለ። እንባዋን በነጠላ ሻሿ ጫፍ ጠረገችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ተቀመጠች። ከመጋረጃው ሥር ጫማዎቹ ወደ እጅ መታጠቢያው አንድ እርምጃ ሄዱና ተመልሰው መጡ። አፉን ከፍቶ የተኛው በሽተኛ አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሁን ደግሞ የምወድለትን ነገር ልንገርሽ። አስተዋይ ነው። ሰዓቱን አበላሸሁት ብሎ ሄዶ የሽማግሌ ልብ ይሰብራል? አያደርገውም! አጠገቡ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ረዳቱ … አባት የላት፣ ወንድም የላት፣ መጥቶ ‹ለምን?› የሚልላት ዘመድ የላት። እንዴት አድርጎ እንደመረጠ አየሽልኝ? አንዳንዱ ይሄ ሁሉ አይታየውም፤ ተነሥቶ ወንድም ባላት ላይ ያላክክና ጥርሱ ይረግፋል። ይሄ ግን ስለ ጥርስ ያውቃል። ‹እሷ ናት› አለ። ሲናገርም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር አሉ። ሽማግሌውም አንጀታቸው ተላወሰና ‹አይዞህ፣ የሚበልጥ እገዛልሃለሁ› አሉት። አንዱን ቀቅሎ ሌላ አስገዛ! እኔና አንቺ ቤታችን ስንቱን ስንቀቅል ኖረን ምን አገኘን? … ሰዓቱን በእንፋሎት አጸዳ፣ ስሙን በልጅቷ አጸዳ። እንግዲህ ከዚህ በላይ ንጽሕና የሚወድ ሰው የት ይገኛል?»

የጨርቅ ነጋዴው ሳቁን ሊውጥ ሞከረና በሳል አወጣው። ከጎኑ የነበረች ሴት ግን አልሳቀችም። ዞር ብላ ናዚራን አየቻት፤ ቀስ ብላም ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሣችና ከአጠገቧ እንድትቀመጥ በዓይኗ ጠራቻት። ናዚራ ግን ከቦታዋ አልተነሣችም። ዓይኗ ከመጋረጃው ሥር ካሉት ጫማዎች አልተነቀለም።

«ወንድሜ ይህን ቢሰማ … ወይ ጉድ፣ ወንድሜን ምን አገባው? ስለ ሌላ ሰው እኮ ነው የማወራሽ። ብቻ ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ እዚህ ይመጣል፣ ጥርሴን ሊያይልኝ። ሰዓት ሠሪውንም ና ብዬዋለሁ፤ ያው … አብረን ሻይ እንጠጣ ብዬ። ወንድሜ የተበላሸ ነገር ማየት ይወዳል፤ ምናልባት ያ ሰዓት ሠሪ ይዞለት ይመጣል። አይ፣ እኔማ ለማንም አልናገርም! ሰው ጥፋቱን በገዛ አፉ ቢናገር ነው የሚያምርበት። እሱም እስከዚያ ጊዜ አለው። የኔ አፍ እንደሆነ እንደምታይው ጥርስ የለውም፤ ማንን ይነክሳል?»

መብራት መጣ። ማራገቢያው እያቃሰተ መዞር ጀመረ፣ ማረፊያ ክፍሉ ነፋስ አገኘ። መሰርሰሪያው ግን አልተነሣም። ሰዎቹ ሁሉ ጆሯቸውን ወደ መጋረጃው አድርገው ጠበቁ። ጫማዎቹ እዚያው ናቸው። ናዚራ እስከ ዛሬ ከአፉ የምትጠብቀው ትእዛዝ ብቻ ነበር፤ አሁን የምትጠብቀው አንድ ቃል ነው፤ «እኔ ነኝ» የሚል። ያን ቃል ለአማቱ ቢላቸው ነገ የየትኛውንም ክሊኒክ በር ቀና ብላ ታንኳኳለች። ባይል ግን ከዚህ በር ስትወጣ ጥፋተኛ እንደተባለች ትወጣለች።

መጋረጃው አልተነቃነቀም። ወይዘሮ ታቢንዳም ትንሽ ጠበቁት። ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ አለ። ሁለት መዳፋቸውን እንደ ዱዓ ዘርግተው ወደ ቢልቂስ ዘወር አሉ።

«ለማንኛውም የሰው ልጅ ነው፣ ልመርቀው። እጅሽን ዘርጊ ቢልቂስ። እናንተም ዘርጉ፣ ምርቃት የሁሉም ነው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯም ገብቷል፣ አልሐምዱሊላህ። አላህ በሰላም ይገላግላት። ሴት ልጅ ይስጠው … የዓይኑ ማረፊያ የምትሆን። ታድግለት። ትማርለት። እንደ አባቷ ነጭ ልብስ ለብሳ ሥራ ትያዝለት። አላህ ዕድሜ ሰጥቶት ይህን ሁሉ በዓይኑ ያሳየው። ሥራ ስትይዝም … ልክ እንደ አባቷ ያለ ደግ አለቃ ይግጠማት።

… ምነው፣ ወዲያ ማዶ ጸጥ አለሳ? ለልጁ እንዲህ ሲመረቅለት አሚን የማይል አባት አለ እንዴ?»