የአሪየት ካርድ

በደርግ ጊዜ ጋምቤላ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። አምስት ዓመት ያልተፈለገ ካርድ ይቃጠል ተባለና አሮጌዎቹን ስለይ፣ አንድ አኙዋክ ሽማግሌ በመስኮቱ ብቅ አሉ። ወሬውን ሰምተው ከአቦቦ በእግራቸው ነው የመጡት።

«ልጄ አሪየት እዚህ ሞተች። ዶክተር የጻፈውን አንብቢልኝ» አሉኝ።

«ምን ማወቅ ፈልገው ነው፣ አባቴ?»

«ተሸክሜ ሳመጣት ዝናብ ያዘኝ፤ መንገድ ላይ አደርኩ። እናቷ፣ ‹አንተ ስለዘገየህ ሞተች› ትላለች። እኔም እንደዚያ አስባለሁ።»

ካርዱን ፈልጌ አገኘሁት። እስካነበው ድረስ ፈራሁ። ዶክተሩ በእንግሊዝኛ የጻፈው፣ ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ልቧ የታመመ እንደነበርና ቀድማ ብትደርስም እንደማትድን ነው። በአማርኛ ነገርኳቸው።

«ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደገፉ። ከዚያ፣ «ለእናቷ ልውሰደው?» አሉ።

«እናቷ ማንበብ ይችላሉ?»

«አትችልም። ወረቀቱን ካየች ግን ታምነኛለች።»

ካርድ ለሰው መስጠት ክልክል ነው። በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፤ ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱት። ትንሽ ይረፉ ብዬ ወንበር ባቀርብላቸው፣ «እናቷም ብዙ አልቅሳለች፤ ቶሎ ልድረስላት» ብለው ወዲያው መንገድ ጀመሩ።