በእንግዳ ፍራሽ የተያዘው የእንግዳ ክፍል

በታካዳ ከተማ፣ በአንድ ሰፈር፣ ቆሻሻ መጣል እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። ቆርቆሮው ከጠርሙሱ፣ ጠርሙሱ ከሸክላው ሳይለይ የወጣ ከረጢት ተመልሶ ባለቤቱ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ጎረቤትም አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ይህም ከስድብ ይከፋል። ይህን የሚቆጣጠረው የሳምንቱ ተረኛ ነው። በግንቦት መጨረሻ በአንድ ማክሰኞ ተረኛዋ ወይዘሮ ሺጌኖ ነበሩ፤ የሰባ ሦስት ዓመት ባልቴት፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ኪሞኖ የሚባለውን የአገሩን ቀሚስ በመስፋት የኖሩ፣ ዓይናቸው የተጣመመ ስፌት ከሩቅ የሚለይ ሴት።

አንዱን ከረጢት ፈታ ቢያደርጉ ከሥሩ አንድ የብረት ማንቆርቆሪያ አገኙ። አውጥተው አገላበጡት። ስንጥቅ የለው፣ ዝገት የለው። ያወቁት ወዲያው ነው፤ የጎረቤታቸው የሟቿ የወይዘሮ ኡመኖ ማንቆርቆሪያ ነበር። በዚህ መሐል የሟቿ የልጅ ልጅ ቺጉሳ ሁለተኛ ከረጢት ይዛ ከች አለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኦሳካ ከተማ ቤት የማደራጀት ሙያ ተምራ፣ የምስክር ወረቀቷን ይዛ፣ በክረምቱ መጨረሻ ወደ አያቷ ቤት የገባች ልጅ ናት።

"እንደምን አደሩ፣ እማማ ሺጌኖ?"

"እኔስ ደህና አደርኩ። ይህ ማንቆርቆሪያ ግን ደህና አላደረም።"

ቺጉሳ ፊቷ ቀላ። "ቤቱን እያስተካከልኩ ነው፣ እማማ። ደስ የሚያሰኘኝን አስቀርቼ የቀረውን አሰናብታለሁ።"

"ደስ የሚያሰኝሽን? ዕቃ እኮ ውሃ ያፈላል እንጂ አያስቅም።"

"እንዲያ አይደለም። እያንዳንዱን ዕቃ በእጅዎ ይይዙታል። ልብዎ ፈንደቅ ካለ ይቀራል፤ ካላለ አመስግነው ይለዩታል።"

"በእኔ ዕድሜ ልብ ፈንደቅ ካለማ ሐኪም ዘንድ ነው የሚኬደው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። አንዱ ከተሜ ጣሉ ቢላችሁ ይኸው አገር ምድሩ እየጣለ ነው። ዕቃ ነፍስ አለው፣ ልጄ። ሳያልቅ መጣል ግፍ ነው።"

ለወይዘሮ ሺጌኖ እንፍረድላቸው ከተባለ፣ ያን ጠዋት ሆድ የባሳቸው በማንቆርቆሪያው ብቻ አልነበረም። እሑድ ዕለት አንድ ልጃቸው ዮሪኮ ከናጎያ ደውላ ነበር። ዮሪኮ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ባሏ የመርከብ መካኒክ ነው፣ እስከ መከር ባሕር ላይ ነው። ሴት ልጅ የበኩር ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት መግባቷ ከጥንት የመጣ ነው። የታካዳው የማዋለጃ ክሊኒክ አልጋውን እስከ ዓርብ ሊያቆይላት ቃል ገብቷል። እሷ ግን "እማዬ፣ እዚሁ ብወልድ ይሻላል" ብላ ቁርጥ አደረገች። ምክንያቷን ስትጠየቅ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ሙቀቱን ታነሳለች። እናት ሁለት ሌሊት አልተኙም፤ ምን በደልኳት እያሉ ሲገላበጡ ነው ያነጉት።

ይህን ሁሉ ለቺጉሳ መንገር አላሰቡም ነበር። ነገር ግን ብሶት አፍ አለው፤ መንገድ ላይ እንደቆሙ አንድ ሳይቀር ነገሯት።

ቺጉሳ ሰምታ ጨረሰችና "ዮሪኮ ስትመጣ የት ነው የምታድረው?" አለች።

"ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ሆቴል። የአጎቷ ልጆችም እንደዚያው። ከተሜ ሆነዋል፣ ሰሌን ላይ መተኛት ጎናቸውን ይወጋቸዋል። እኔ ግን አሥራ አንድ ሙሉ የእንግዳ መኝታ አለኝ፤ ጥጡ የተነደፈ፣ ልብሱ የተተኮሰ። አንድ እንኳን አልተነካም።"

"የት ነው የሚነጠፈው?"

"እንግዳ ክፍል ነዋ። ስምንት ሰሌን የሚወስድ ሰፊ ክፍል ነው። አያትሽ ያውቁት ነበር።"

"ባየው ይከፋዎታል?"

ምን ይከፋቸዋል። እንዲያውም ለዚች ቀልቃላ ልጅ የተሟላ ቤት ምን እንደሚመስል ማሳየት ፈለጉ። ገቡ። መተላለፊያው ግራና ቀኝ በካርቶን ተደርድሯልና በጎን በጎናቸው ተራመዱ። ተንሸራታቹ በር ዘንድ ደርሰው ወይዘሮ ሺጌኖ ሳቡት። አንድ ስንዝር ሄደና ቆመ። እንደገና ሳቡት። ትከሻቸውን አስደግፈው ታገሉት። ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ይዞታል። ቺጉሳ በስንጥቁ አጮልቃ አየች፤ እሳቸውም አዩ። የያዘው አሥራ አንዱ የእንግዳ ፍራሽ ነበር፤ ከላዩ ሣጥን፣ ከሣጥኑ ላይ ሌላ ሣጥን፣ እስከ ጣሪያ።

እኛ አገር 'እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው' የሚባል ተረት አለ። ወይዘሮ ሺጌኖ ግን ተንኮል አልነበረባቸውም። ለእንግዳ ክብር ብለው ዓመት ዓመት ሲጨምሩ፣ ሲጨምሩ፣ ለእንግዳው መተኛ አጡ። እንግዳ ተቀባይነቱ ራሱ እንግዳውን ከበር መለሰው።

ወይዘሮዋ መተላለፊያው ላይ ካርቶን ላይ ተቀመጡ። የበሩን ስንጥቅ ደግመው አዩት።

"እንግዲያው ከተሜ ስለሆነች አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "የምትተኛበት ስለሌላት ነው። አፍራ አልነገረችኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው።" ቺጉሳም አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ለዓርብ ገና ሦስት ቀን ይቀራል፣ እማማ። ይደርሳል።"

"ልጥለው ነው? በስጦታ የመጣልኝን ፎጣና ዕቃ ሁሉ? ባለቤቴ የሞተ ጊዜ የመጣውን፣ ሰው አዝኖልኝ የሰጠኝን? አልችልም። እጄ አይታዘዘኝም።"

"እርስዎ በየዓመቱ የካቲት ወር ቤተ መቅደስ መርፌ ይዘው ይሄዱ የለ? አያቴ ትነግረኝ ነበር።"

"እሄዳለሁ። የተሰበሩትን መርፌዎች ቶፉ በሚሉት ለስላሳ የአኩሪ አተር አይብ ላይ እሰካቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠንካራ ጨርቅ ሲወጉ ኖረው በመጨረሻ እንኳን ይረፉ ተብሎ ነው። 'ደከማችሁልኝ፣ አመሰግናለሁ' ብዬ እመለሳለሁ።"

"መርፌን ያህል እንጀራ ያበላዎትን ነገር አመስግነው መሰናበት ከቻሉ፣ ለፎጣ ምን አቃተዎት?"

ቺጉሳ በዚህ የረታች መስሏት ነበር። ወይዘሮ ሺጌኖ ግን ቀና አሉ፤ የልብስ ሰፊ ዓይናቸው ተመለሰ።

"ተሳስተሻል፣ ልጄ። መርፌው ሥራውን ጨርሷል። ይህ ፎጣ ግን ከነመጠቅለያ ወረቀቱ ነው፤ አንድ ፊት አላበሰም። ሳይሠራ የኖረን ሠራተኛ ምን ብዬ አሰናብታለሁ? ስለምኑ አመሰግነዋለሁ? አስተማሪዎችሽ ይህን አላሰቡትም።"

እውነትም አላሰቡትም ነበር፤ ልጅቱም አላሰበችውም።

"እንዲህ ከሆነ" አለች ቀስ ብላ፣ "ግፉ መጣሉ ብቻ አይደለም። አርባ ዓመት ሥራ ከልክሎ በጨለማ ማቆሙስ?"

ወይዘሮዋ ከተቀመጡበት ተነሡ፣ ቀሚሳቸውን አራገፉ።

"እሺ፣ እንግዲያው ሥራ እንፈልግላቸዋለን። በይ ያንን ሣጥን ያዢ፤ ምን ትጎለቻለሽ?"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዚያ ቤት የሆነውን መናገር እንዴት ደስ ይላል። የመጀመሪያው ትእዛዝ የቺጉሳ ነበር፤ አንድ ዓይነት ዕቃ ሁሉ ከያለበት ይውጣና አንድ ቦታ ይከመር አለች። ፎጣ ከምድር ቤት መጣ፣ ከቆጥ መጣ፣ ከሣጥን መጣ፣ ከአልጋ ሥር መጣ። ሲቆጠር መቶ አርባ ሦስት ሆነ። ወይዘሮ ሺጌኖ ክምሩን አይተው ወደ መታጠቢያ ቤት ዘወር ቢሉ፣ እሳቸው ፊታቸውን የሚያብሱበት ፎጣ መሐሉ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ አፈሩ፤ ቀጥሎ ግን ሳቅ አፈናቸው፤ ሳቁ ሳይበርድ አንዱን ወረቀት ቀደው ፊታቸውን በአዲስ ፎጣ አበሱ።

"ይህ ለካ እንዲህ ይለሰልሳል" አሉ።

መቀስ ዘጠኝ ተገኘ። "አንዱን ባጣሁ ቁጥር ሌላ ስገዛ ነው" ብለው አመኑ። በ1983 በአንድ ሠርግ ለታዳሚ የታደለ ትልቅ ሳህን ከነሣጥኑ ወጣ፤ የሙሽሮቹ ስም በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል።

"እነዚህ እኮ ከተፋቱ ሃያ ዓመታቸው ነው" አሉ ወይዘሮዋ። "እነሱ ያልጠበቁትን ትዳር እኔ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ስጠብቅላቸው ኖሬያለሁ።" ሁለቱም ሰሌኑ ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ።

ረቡዕ ደግሞ ቺጉሳ ከአንድ ካርቶን አንድ የሸክላ ቅርጽ አወጣች፤ ቦርጫም፣ ዓይኑ የተንሸዋረረ የጫካ አውሬ ምስል፣ ባርኔጣ የደፋ። "ይህስ ይሂድ፣ ለምንም አይሆንም" ብላ ወደ ቆሻሻው ስትወስደው ወይዘሮ ሺጌኖ ነጠቋት። በሁለት እጃቸው ይዘው አዩትና ድንገት እንደ ልጅ ተፍለቀለቁ።

"ባለቤቴ ሰክሮ የገዛው ነው። ባቡር ውስጥ እንዳይሰበርበት ስድስት ሰዓት ሙሉ ጭኑ ላይ አስቀምጦት መጣ። ትኬት ቆራጩ 'የልጁስ ትኬት?' አለው።" ዕንባቸው በሳቁ መሐል ወረደ። "ልጄ፣ ልቤ እኮ ፈንደቅ አለ። አሁን ገባኝ። ይህ የትም አይሄድም፤ በር ላይ ይቀመጣል።"

ቺጉሳ ቆማ አየቻቸው። ሁለት ዓመት ተምራ የምስክር ወረቀት ብትይዝም፣ የተማረችው ነገር በዓይኗ ፊት ሲሆን ያየችው ገና ያን ቀን ነው።

"እማማ" አለች፣ "ማንቆርቆሪያውን የጣልኩት ስላልወደድኩት አይደለም። ሳየው አያቴ ትዝ ትለኝና አለቅሳለሁ። ላለማልቀስ ብዬ ነው።"

"ታዲያ ለምን አታለቅሺም? አልቅሺና ሻይሽን አፍዪ። ደንቡን አውቀሻል፣ የራስሽን ልብ ግን አልጠየቅሽም። ወደ ቤትሽ መልሺው።"

"እሺ፣ እመልሰዋለሁ።"

ሐሙስ ዕቃው ሁሉ ሥራ አገኘ። ፎጣውን የአረጋውያን መዋያው ሰዎች በደስታ ተቀበሉ፤ ወይዘሮ ሺጌኖ እያንዳንዱን እሽግ ሲያስረክቡ "ብዙ አስጠብቄሃለሁ፣ በል በርታ" ይሉት ነበር፤ የመዋያው መኪና ሾፌርም ያነጋገሩት እሱን መስሎት እጅ ነሣ። ቤተ መቅደሱ ለተሳላሚዎች ማደሪያ ስምንት መኝታ ወሰደ፤ ሦስቱ ቤት ቀሩ። መስኮቱን የጋረደው ረጅም ቁም ሳጥን በሁለት ጎረምሶች ሸክም ወጣ። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ፀሐይ ገባ። ወይዘሮዋ ስምንቱን ሰሌን በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉ፣ ከዚያም መሐሉ ላይ ቆመው ዞር ዞር አሉ፤ እጃቸውን ቢዘረጉ የሚነካቸው የለም።

አመሻሽ ላይ ደወሉ። "እንግዳ ክፍሉ ባዶ ነው" ብለው ቢነግሯት ዮሪኮ አላመነችም። ቺጉሳ ስልኩን ተቀብላ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር በምስል አሳየቻት።

"ዮሪኮ? አለሽ?"

"አለሁ፣ እማዬ። ነገ ጠዋት ለክሊኒኩ ደውዪላቸው። ቅዳሜ እመጣለሁ።"

ለመሆኑ ወይዘሮ ሺጌኖ ምን አተረፉ የሚል ቢኖር፣ የሰፈሩ ሰዎች ይንገሩት። ለእንግዳ የተሰወረውን ደህና ሳህን ዛሬ ራሳቸው ይበሉበታል። መቀሳቸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስለሚገኝ በፍለጋ የሚያጠፉትን ጊዜ ለስፌት አዋሉት። መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቁም ሳጥኑ ይወድቅብኝ ይሆን ብለው አይሰጉም፤ አቧራው ሲቀንስ የሌሊት ሳላቸውም ለቀቃቸው። አዲስ ነገር ሲያምራቸው 'የት ይቀመጣል? ምን ይሠራል?' ብለው ይጠይቃሉ፤ ብዙ ጊዜም ሳይገዙ ይመለሳሉ። ከሰፈሩ አራት ቤት እሳቸውን አይቶ ጓዳውን ከፍቶ ዕቃውን ለይቷል። ቺጉሳም ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስትጠራ ከሁሉ አስቀድማ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለሚመጣው ሰው ትጠይቃለች። ዕቃ ለሰው ነው እንጂ ሰው ለዕቃ አልተፈጠረም፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ቤቱ ገብቶ የሚመረምረው ግን ጥቂት ነው።

ያን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዮሪኮ መጣች፤ ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ ገባ። በመተላለፊያው ደረቷን ነፍታ፣ ፊት ለፊት ተራመደች። በሩን በአንድ ጣት ሳበችው፤ ሄደላት። ክፍሉ መሐል ደርሳ ተቀመጠች፣ ከዚያ ቀስ ብላ በጀርባዋ ተንጋለለች፣ እጆቿን ሰሌኑ ላይ ዘረጋች። ወይዘሮ ሺጌኖ ትራስ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

"እማዬ" አለች ልጅቱ ጣሪያውን እያየች፣ "እኔ እኮ ከእኔ ይልቅ ዕቃውን የምትወጂ ይመስለኝ ነበር።"

እናት ትራሱን ከራሷ ሥር አደረጉላትና፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ እሳቸውም አጠገቧ ተጋደሙ። ቦታ ነበር።